ሐጃ ዘይነብ መዋሸት ያቆመችበት ወር

ቤት የዋለ አእምሮ ይደነዝዛል የሚባለው ውሸት ነው። ቤት የዋለ አእምሮ አይደነዝዝም፤ ይባልጋል። ያልተጠራበት ሰርግ ይገባል፣ የማያውቀውን ሰው ይድራል፣ ያልሞተውን ይቀብራል። የሚደነዝዘው ሌላ ዓይነት አእምሮ ነው፤ እሱንም እደርስበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። ሐጃ ዘይነብ አርፋ። እኛ ወንዶቹ በተቀመጥንበት ድንኳን ውስጥ አንድ ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው ሻዩን እያማሰለ፣ "ምስኪን! ስንት ዘመን እዚያች ፎቅ ላይ እንደተቆለፈች። መጨረሻ ላይ እኮ ጭንቅላቷም ሄዶ ነበር አሉ" አለ። በዙሪያው ያሉት ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም አብሬ መጠጥኩ፤ ለቅሶ ቤት ሰው አይሰደብም። ቤቴ ስገባ ግን ንዴቴ አላስተኛ ስላለኝ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ጭንቅላቷ ሄዶ ነበር! እንዴታ፣ ሲሄድ ነው የኖረው። ሐጃ ዘይነብ ከወንበሯ ንቅንቅ ሳትል ጭንቅላቷ ያልሄደበት የለም። ወደብ ይወርዳል፣ ከተማው ዳር፣ ባልባላ ድረስ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ የጎረቤት ጓዳ ሳያንኳኳ ይገባል። ችግሩ መሄዱ አልነበረም። ችግሩ ሲመለስ ለአንዱ ምስኪን ሚስት ይዞለት መምጣቱ ነበር።

የድሬዳዋ ልጅ ናት። የጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ ነው፤ እሷም ጅቡቲ የገባችው ሙሽራ ሆና፣ በባቡር፣ ከጣቃ ጨርቅ ጋር ተጭና ነው። "ከጨርቁ ይልቅ እኔ ነበርኩ የተጨማደድኩት" ትል ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ከፎቅ ቤታቸው ደረጃ ላይ ወደቀች። ደረጃውን ያየ አይፈርድባትም፤ ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ ነው፣ ጤነኛ ሰውም የሚወጣው እየጸለየ ነው። የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ቢጠገንም እግሯ ዳግም ደረጃ የሚያወርዳት አልሆነም። እናም ሐጃ ፎቅ ላይ ቀረች። ሁለት ክፍልና ወደ መንገዱ የሚያይ አንድ በረንዳ፤ ዓለሟ ያ ሆነ።

እኔ ለአንድ ዓመት የትራንዚት ሥራ ከአዲስ አበባ መጥቼ እስካሁን ያልተመለስኩ ሰው ነኝ። ከእሷ ሥር ያለችውን ክፍል ልከራይ በሄድኩ ቀን ደረጃውን ወጥቼ፣ እንዳሳደጉኝ፣ ጎንበስ ብዬ "እንደምን አደሩ፣ የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?" አልኳት። መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ አየች።

"ዘምዘም፣ ከኋላዬ ስንት ሰው ቆሟል?"

ዘምዘም ከወሎ መጥታ ከእሷ ጋር የምትኖር ሠራተኛዋ ናት። ከውስጥ ሆና፣ "ማንም የለም ሐጃ" አለች።

"ታዲያ ይሄ ሽበታም ማንን ነው የሚያናግረው? ስማ አቦ፣ እኛ ድሬ አንተና አንቺ ነው የምንባባለው። 'እርስዎ' የሚባል ሰው እዚህ ቤት አልተከራየም። አንተ ግን ከፈለግህ ተከራይ።"

ስለዚህ አሁንም "እሷ" እያልኩ ስጽፍ ንቀት እንዳይመስላችሁ። "እሳቸው" ብላት ከመቃብር ቀና ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ ትፈልጋለች።

ፎቅ ላይ ስለቀረችበት የመጀመሪያ ዓመት ያወራችልኝን ሁሉ አልረሳም፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ካነበብኩት ብዙ ነገር ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። የጀመረችውን ጸሎት እንኳ መጨረስ አልቻለችም። ዘምዘምን ውሃ ትጠይቃታለች፤ ውሃው ሲመጣ ለምን እንደመጣ ትረሳለች። "ቀኑ አያልቅም አቦ። እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ወሩ ግን የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ ረመዷን ገና ትናንት ወጥቶ ዛሬ መልሶ ይመጣል።" ያን ጊዜ አልጋዋ ላይ ተኝታ ጣሪያ ነበር የምታየው። ጣሪያው ላይ አንድ ስንጥቅ ነበረ። ስንጥቁ በየቀኑ የሚያድግ መስሏት ዘምዘምን በመጥረጊያ እንጨት ታስለካት ነበር። ያላደገ መሆኑን ስታውቅ ደግሞ ተናደደች፤ ዘምዘም እንጨቱን ቆርጣዋለች ብላ።

እንግዲህ ይህን አልክድም። የተዘጋበት ሰው ሐሳቡ አንድ ነገር ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ክሊም፣ እዚህ አየር ማቀዝቀዣውን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ከቀትር በኋላ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ጫት የጫኑት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ካለፉ በኋላ ከተማው ጭጭ ሲል፣ ያ ጠብታ ብቻ ይሰማል። ሐጃ ሰውየው ሆን ብሎ እሷን ለማሳበድ እንደሚያንጠባጥብ አመነች። ምሳ መብላት ተወች። በመጨረሻ ዘንቢሏን አወረደች።

ዘንቢሉን ሳላስተዋውቅ ማለፍ አልችልም። በረንዳው ላይ በገመድ የታሰረ የሰሌን ዘንቢል ነበራት። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ዓሣ ይወጣበታል፤ ስድብ፣ ምክርና ቴምር ይወርድበታል። የዚያን ቀን ቴምር አድርጋ አወረደችና ባለ ክሊሙን ጠራችው። ሰውየው ቴምሩን በላና መጣ። በወንበሯ ላይ አስቀመጠችውና፣ "ቁጭ በል፣ አንድ ሻይ እስኪፈላ ያንተን ቤት ስማ" አለችው። ሻዩ ሳይፈላ ሰውየው ወርዶ ቱቦውን አዞረው። ከዚያ በኋላ ግን የምትሰማው ስላጣች ሐጃ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።

"አእምሮ ፍየል ነው" አለችኝ ያኔ። ጅቡቲ ፍየል በየመንገዱ ነው፤ ከበረንዳዋ ሥርም አንዲት ነበረች። "ሜዳ ላይ ስትለቃት ሣር ታማርጣለች። ስታስራት ካርቶን ትበላለች። ግን እይልኝ አቦ፣ ካርቶን በልታም ወተት ትሰጣለች!"

የሐጃ ካርቶን መንገደኛው ነበር። ወንበሯን ከአልጋው ወደ በረንዳው ያዞረችበት ቀን ነው ሁለተኛ የተወለደችው። በአንድ ወር ውስጥ የመንገዱን ሰው ሁሉ ሥራ፣ ጋብቻና ማዕረግ ሰጥታ ጨርሳ ነበር። አንድ ጫማ የሚሸጥ ቀጭን ሽማግሌ በአረማመዱ ብቻ ጄኔራል አደረገችው። ከጦር ኃይል የወጣበትን ምክንያትም ታውቃለች፤ የሴት ነገር ነው። ልብስ ሰፊው ከእህቱ ጋር በውርስ ተኳርፏል። ይህን ያወቀችው ሰውየው ሻይ ሲጠጣ ጀርባውን ወደ ምሥራቅ ስለሚያዞር ነው። ልብስ ሰፊው እህት የለውም። ይህን ስነግራት አዘነችለት፦ "እስከ መካድ ደርሷል?"

እዚህ ላይ ትክክል ነበረች የምትል ከሆነ አንባቢዬ ተታለልክ። ሐጃ ዘይነብ አንድም ጊዜ ትክክል ሆና አታውቅም። ከበረንዳ ሁሉን የሚያውቅ ብልህ ሽማግሌ የሚገኘው በተረት ነው። እሷ ሁሉንም ታያለች፣ ሁሉንም ትስታለች። እንዲያ መሳት ግን ትልቅ ሥራ ነው። የሰነፍ አእምሮ እንዲያ አይስትም።

ዋናው መጽሐፏ አብዲ ነበር። አብዲ ማታ ማታ ጀምበር ሳትገባ ረጃጅም ዳቦዎች በብብቱ አቅፎ ሮጥ ሮጥ እያለ በሥሯ ያልፋል። ለአንድ ቤት የሚበዛ ዳቦ ነው። ሐጃ ፈረደች፦ ሁለት ሚስት አለው፣ አንዷ እዚህ ሰፈር፣ አንዷ ባልባላ፤ አይተዋወቁም። አንድ ቀን በዘንቢሉ ሎሚ አውርዳ አስጠራችው። አማርኛውን የተማረው ከድሬዳዋ መስመር ከባድ መኪና ሾፌሮች ነው፤ ስለዚህ ሰላምታው ይንተባተባል፣ ስድቡ ግን እንከን የለውም።

"ሚስቶችህ ደህና ናቸው?" አለችው።

"የምን ሚስት? እኔ ዋላሂ ሚስት የለኝም። ባልባላ ሚኒባስ መነሻ ጋ ሳንድዊች ነው የምሸጥ።"

"ታዲያ ምን ያሯሩጥሃል?"

"ዳቦው እንዳይደርቅ ነዋ!"

ሐጃ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "የዳቦ ሩጫና የሚስት ሩጫ እለያለሁ። ሂድ። ራስህን ገና አላወቅህም።"

አብዲ እየሳቀ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ግን በየማታው ሲያልፍ፣ "አብዲ፣ ትንሿ እንዴት ናት?" የሚል ድምፅ ከላይ ይወርድበታል። መንገዱ ሁሉ "ትንሿ እንዴት ናት?" ማለት ጀመረ። ሰው ስለ ትዳሩ እንዲህ ሲጠየቅ ስንት ጊዜ ይችላል? በዓመቱ አገባ። አንዲት። ሐጃም ዘንቢል ሙሉ ቴምር አወረደችለትና፣ "አንዷ ተገኘች፣ ሁለተኛዋን ደብቋታል" ስትል ነገረችኝ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ከተማው ሁሉ ተዘጋ፤ ኮንፊንማ አሉት፣ በፈረንሳይኛው። ሐጃ በሕይወቷ እንደዚያ የተደሰተችበት ጊዜ የለም። "እንኳን ደህና መጣችሁ!" እያለች በረንዳ ላይ ሆና ለባዶው መንገድ እጇን ታወዛውዛለች። ለዳቦና ለመድኃኒት ብቅ የሚሉ ሰዎች ከሥሯ ራቅ ብለው ቆመው ምክር ይጠይቋት ነበር። አንዱ፣ "ሐጃ፣ ማንበብ አቃተኝ፣ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ነው የማነበው" ይላታል። "ሦስተኛ ጊዜ አታንብበው፣ ተጣላው" ትለዋለች። ሚስቱ አስቸገረችኝ ላለው፣ "እሷ በረንዳ ላይ አንተ ወጥ ቤት ዋል፣ ማታ ወሬ ተለዋወጡ" አለችው። ሰውየው ወጥ ማቃጠል ለመደ፣ ትዳሩ ግን ተረፈ።

ከሁሉ የባሰበት የገዛ ልጇ ያሲን ነበር። ያሲን ባሕሩ አጠገብ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር፣ በረጅም ነጭ ግንብ በታጠረ ጥሩ ቤት ብቻውን ይኖራል፤ ነጋዴ ነው፣ መልካም ልጅ ነው። ሦስት ሳምንት እዚያ ግንብ ውስጥ ተዘግቶ ስልክ ደወለላት። ዘምዘም ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር በረንዳው ሥር ያለን ሁላችንም ሰማነው።

"ማማ፣ ላብድ ነው። ግድግዳውን ነው የማየው። ምን እንደማስብ አላውቅም።"

"አቦ ወንበርህን አዙር!"

"ወዴት ላዙረው? በአራቱም በኩል ግንብ ነው።"

ይህን ንግግር ልብ በሉልኝ። ሰዎች ራሳቸውን ያሳበደውን ነገር ለሚወዱት ሰው በስጦታ መልክ የሚያመጡት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከተማው ተከፍቶ ሁሉም ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ያሲን አዘውትሮ እናቱን መጠየቅ ጀመረ፤ የሰማውም አስደነገጠው። እናቱ ስለ ጄኔራሉ ታወራለች። ጄኔራል የለም። ስለ አብዲ ሁለተኛ ሚስት ታለቅሳለች፤ ሰሞኑን ትንሿ ስለተበደለች። ያሲን ሐኪም ይዞ መጣ። ሐሙስ ቀን ነው፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ። ሐኪሙ አማርኛ አይችልም። ያሲን ወደ እኔ ወርዶ፣ "አንተ ተርጉም። እኔ ከተረጎምኩ ታሞኘኛለች" አለኝ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሐኪሙ አእምሮዋ ደክሟል ካለ ያሲን ወደ ራስ ዲካ ሊወስዳት ነው።

ሐኪሙ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ነበር። "ዛሬ ምን ቀን ነው?" አላት በእኔ በኩል።

"ጁምዓ።"

ሐኪሙ ጻፈ። "አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"አንድ ተኩል።"

ረዘም አድርጎ ጻፈ። "ዓመቱስ?"

"የማንን ዓመት ነው የምትለው? የኛን፣ የፈረንጁን ወይስ የሂጅራውን? አቦ ጥያቄውን አስተካክልለት።"

ያሲን ግንባሩን ያዘ። እኔ መተርጎሜን ትቼ ጠበቃ ሆንኩ። ጀምበር ከገባች በእሷ አቆጣጠር ሐሙስ አልቋል፣ ይህ የጁምዓ ሌሊት ነው አልኩ። በአገሯ ሰዓት የሚቆጠረው ከጀምበር መግቢያ ነው፣ ስለዚህ አንድ ተኩል ነው አልኩ። ያሲን ራሱ ፈረንሳይኛ ተማሪ ቤት ያደገ በመሆኑ ይህን ከልጅነቱ ጋር ረስቶታል። ሐኪሙ አፈረና የጻፈውን ሰርዞ ሁሉንም ትክክል ብሎ አረመው። ሐጃ አሸነፍን ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

አላሸነፍንም። ሐኪሙ ሦስት ቃል በቃሏ እንድትይዝ ነገራት፦ ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ጀልባ። ትንሽ ቆይቶ ጠየቃት።

"ሎሚ" አለች። እጇ ጉልበቷ ላይ ያለውን ሻርፕ መቆንጠጥ ጀመረ። "ሌሎቹ ጠፉብኝ። የማን እንደሆኑ ሳትነግረኝ እንዴት ልያዛቸው? ... ለመሆኑ ይሄ ልጅ አግብቷል?"

ይህን የመጨረሻውን አልተረጎምኩትም። የፊተኛውን ተርጉሜለት ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ ግን ፈገግታ አይመዘገብም። ብዙ ጩኸት፣ ብዙ ሰው፣ ብዙ ማሰብ አድክሟት ሊሆን ይችላል፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል አለ። ዕረፍት! ይህን ቃል የፈጠረው ሰው ደረጃ መውረድ የሚችል ሰው መሆን አለበት።

የወሰዷት ጠዋት ጥምቀት ይመስል ነበር ብል ሐጃ ይቅር ትለኛለች። አብዲ፣ ልብስ ሰፊውና ባለ ክሊሙ ከነወንበሯ ተሸክመው አወረዷት። ወንበሩ ደረጃው ላይ ባዘነበለ ቁጥር ትጮሃለች፤ በጩኸቷ መካከል ደግሞ ልብስ ሰፊውን ከእህቱ ታስታርቃለች። ከዓመታት በኋላ መሬት ስትነካ መንገዱ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ከላይ ብቻ ታውቃቸው የነበሩትን ሰዎች ፊት ለፊት ስታይ ተደነቀች፦ "ለካ ሁላችሁም ግንባር አላችሁ!" ጫማ ሻጩ ሽማግሌ ቀርቦ ሊሰናበታት እጁን ዘረጋ። "ጄኔራል" አለችው በአክብሮት። ሰውየው ትንሽ ግራ ተጋባና ቀጥ ብሎ ቆሞ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት።

ራስ ዲካ ያለው ቤት ምን ይወጣለታል? ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ደረጃ የለውም። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ግንቡ ግን አያሳይም፣ ክሊሙም አያሰማም። ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል፣ ሐጃ ግን መልስ ልትሰጠው አትችልም። ያሲን ለእናቱ ያልገዛው ነገር የለም። የጎደለው ካርቶን ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሄጄ ስጠይቃት ግንቡ ላይ ስለምታርፍ ቁራ ነገረችኝ። በሁለተኛው ስለ ቁራዋ ጠየቅኋት፤ "ትመጣለች" አለች። በሦስተኛው "እንዴት ነሽ ሐጃ?" አልኳት። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ በቃ። ሐጃ ዘይነብ በአንድ ቃል መልሳ ስታበቃ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ስወጣ በባሏ ስም ጠራችኝ፤ ባሏ የሞተ ሰው ነው። ያሲን በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ "ተረጋጋች፣ አይደል? ከእንግዲህ ያንን ሁሉ ቅዠት አታወራም" አለኝ። ዓይኑ ውስጥ ግን ፍርሃት ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ አብራት የሄደችው ዘምዘም ስልክ ደወለችልኝ። እያለቀሰች ነው።

"ጋሼ፣ ቶሎ ና። ሐጃ መዋሸት አቆመች።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ትናንት ድመት ግንቡ ላይ ሄደች። 'ድመት' አለችና ዝም አለች። ድመት ብቻ! የማን እንደሆነች፣ ከማን ጋር ተጣልታ እንደመጣች፣ ምንም የለም! ጋሼ፣ እኔ ፈራሁ።"

እኔም ፈራሁ። ቀጥ ብዬ ባልባላ ሚኒባስ መነሻ ጋ ወደሚገኘው የአብዲ ጋሪ ሄድኩ። አብዲ ለአንድ የሚኒባስ ረዳት ሳንድዊች እየጠቀለለ ነበር። ጉዳዩን ነገርኩት፦ ራስ ዲካ ሄደህ ለሐጃ ሁለት ሚስት አለኝ ትላለህ። አብዲ ከሾፌሮች የተማረውን አማርኛ በሙሉ አወረደብኝ። ሲጨርስ፣ "ሚስቴ ብትሰማስ?" አለኝ።

"ያ ቤት ግንብ ነው። ማን ይሰማሃል?"

ጋሪውን ለዚያው የሚኒባስ ረዳት አደራ ብሎ ተከተለኝ፤ ባዶ እጁን መሄድ ስላሳፈረው ዳቦዎቹን በብብቱ አቅፎ።

ሐጃ ነጩ ሳሎን ውስጥ ግንቡን እያየች ተቀምጣለች። አብዲ ከፊቷ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። እንዲያ የላበው በሙቀት አልነበረም።

"ሐጃ፣ አውቀሽብኛል። እውነትሽን ነበር። ሁለት ናቸው።"

ምንም። ክሊሙ ብቻ ይጮሃል። ዘምዘም ሄዳ አጠፋችው።

"ሁለተኛዋ ባልባላ ናት። አንቺ እንዳልሽው።"

ሐጃ ግንቡን ታያለች። አብዲ እኔን አየኝ፤ ቀጥል አልኩት በእጄ። ውሸት ያልለመደ ሰው ነው፤ ያገኘውን ሁሉ መጨመር ጀመረ። ስሟ ሮዳ ነው አለ። ሻይ ትሸጣለች አለ። ቆንጆ ናት፣ ረጅም ናት፣ ከእኔ ትበልጣለች ...

"አይደለችም" አለች ሐጃ።

ዘምዘም ጠጋ አለች።

"አጭር ናት" አለች፣ ዓይኗን ከግንቡ ሳታነሳ።

አብዲ፣ ያ የተባረከ ሰው፣ ተከራከራት! "ረጅም ናት ሐጃ፣ የኔን ሚስት አንቺ ልትነግሪኝ ነው?"

ሐጃ ወንበሯን በገዛ እጇ አዞረች። "አቦ አታድርቀኝ! ረጅም ብትሆን ኖሮ ዳቦውን በቀኝህ ነበር የምትይዘው። በግራህ የምትይዘው ቀኝህ እሷን ትከሻዋን ስለሚይዝ ነው፤ አጭር ስለሆነች። ይሄው አሁንም በግራህ ነው! ለመሆኑ ስንቱን ነው ለእሷ የምትሰጣት?"

"እኩል ነው የማካፍለው ..."

"ውሸታም! ለትልቋ ትኩሱን፣ ለትንሿ የጠነከረውን። ፊትህ ላይ ይነበባል። ዘምዘም፣ ሻይ! ይሄን ሰውዬ ዛሬ አልለቀውም።"

ዘምዘም ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስና ስትስቅ ይሰማል። አብዲ ስለ ሌለችው አጭር ሚስቱ በደል ይሰደባል፤ ይክዳል፣ ይምላል፣ ይሸነፋል። በዚህ መካከል ያሲን ከሥራ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ነገሩ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም፤ የነጋዴ ልጅ ነው፣ የተጭበረበረ ዕቃ ያውቃል። ግን ፊቱ ላይ ቁጣ አልመጣም። እናቱ ያልተቋረጠ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ከሰማ ቆይቷል።

"ያሲን" አለችው፣ "ና ምከረው። ትንሿን እየበደላት ነው።"

"እሺ ማማ" አለ። "ሌላስ ምን ላድርግልሽ?"

"ወደ በረንዳዬ መልሰኝ። እዚህ ሰው አያልፍም።"

በነጋታው መለሷት። ደረጃው ላይ ሲያወጧት ወንበሩን ከፊት የያዘው ያሲን ነበር፤ ከኋላ አብዲ፤ ከኋላው ደግሞ ጄኔራሉ፣ ምንም ሳይሸከም፣ ትእዛዝ እየሰጠ። የጠፉት ቁልፍና ጀልባ አልተመለሱም፤ በኋላም ብዙ ነገር ይጠፋባት ነበር፣ አልዋሽም። ነገር ግን በጠፋ ቁጥር በቦታው ሌላ ታስቀምጥበታለች፤ ያስቀመጠችውም ከጠፋው ይሻላል። ያሲን ጁምዓ ጁምዓ ይመጣና አጠገቧ ተቀምጦ የሚያልፈውን ይቆጥርላታል። አንድ ቀን ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወደሚባለው ሰፈር የሚሄድ ክራቫት ያደረገ ሰው አይቶ፣ "ማማ፣ ይሄኛው ሚስቱ ጥላው የሄደች ይመስለኛል" ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። "ገና ነህ" አለችው፣ "ሰውየውን ያስለቀሰችው አማቱ ናት።"

ያረፈችውም እዚያው ወንበሯ ላይ፣ የጫት መኪኖቹ ካለፉ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ለዘምዘም፣ "ጄኔራሉ ጫማ ቀይሯል። ነገር አለ" ብላት ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ ሳትነግረን ሄደች። ለቅሶው ላይ ሽማግሌውን ጠየቅሁት። "አሮጌው ተቀዶብኝ ነው" አለኝ። እኔ ግን ይህን ሰው አላመንኩትም።

ከድንኳኑ ልወጣ ስል አብዲ እጄን ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ በሴቶቹ በኩል ተቀምጣ ስለ ባልባላዋ ሮዳ ሰምታለች፤ አጭር መሆኗንም፣ የጠነከረ ዳቦ እንደሚደርሳትም ሰምታለች። "አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አንተ አስረዳልኝ" አለኝ። አስረዳኋት። ወይዘሮዋ ሁሉን ሰምታ ስታበቃ፣ "ታዲያ ዳቦውን ለምን በግራው ይይዛል?" አለችኝ።

እንግዲህ ሻይ የሚያማስለው ሰውዬ "ጭንቅላቷ ሄዶ ነበር" ያለው ይህንን ነው። ጭንቅላቷ አንድ ጊዜ ብቻ ጠፍቶ ነበር፤ እሱም ራስ ዲካ፣ ዕረፍት ላይ ሳለች።

አሁን እናንተን ነው የማናግረው። ከእናንተ መካከል ፎቅ ላይ፣ ጓሮ ቤት ወይም አልጋ ላይ የዋለ ሰው የሌለው የለም። ብርቱካን ይዛችሁ እየሄዳችሁ "ተሻለሽ?" ብላችሁ፣ "አልሐምዱሊላህ" ወይም "እግዚአብሔር ይመስገን" ስትባሉ ደስ ብሏችሁ ትመለሳላችሁ። ተዉት። ብርቱካኑ በስብሷል። ዛሬውኑ ሂዱ፣ ወሬ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ይዛችሁ ሂዱ። ወሬ ከሌላችሁ ዋሹ።